«ዶክተሩ እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

ጥያቄ

እንደምን ሰነበቱ? የዓምድዎ ቋሚ አንባቢ ነኝ። ዕድሜዬ 36 ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ልቤ ያለ ምክንያት ይመታል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ፀጉሬ ይረግፋል፣ እየበላሁ እከሳለሁ። አንገቴ ላይም እብጠት አለ። ሰፈራችን ያለ አንድ የግል ክሊኒክ መጀመሪያ ጨጓራ ነው አሉኝ፣ ቀጥሎ ጭንቀት ነው አሉኝ። በመጨረሻ «የሆርሞን ስፔሻሊስት» የተባለ ሐኪም ጋ አስገቡኝ። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ ስልኩን እየነካካ፣ እንቅርት ነው ብሎ ፒቲዩ የሚባል መድኃኒት ጻፈልኝ። በሄድኩ ቁጥር አዲስ ምርመራ ያዝዛል። የፊተኛው ውጤቴስ ስል ካርድ ክፍሎቹ «ጠፍቷል» ይሉኛል። መድኃኒቱን እስከ መቼ ነው የምወስደው ብዬ ብጠይቀው «ዶክተሩ እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?» አለኝ። በሩ ክፍት ስለነበር ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ ሰማ። ከዚያ ቀን ወዲህ አልተመለስኩም። መድኃኒቱንም ካቆምኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። እህቴ ጠበል ግቢ ትለኛለች። ጎረቤቶቼ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ስመ ጥር ሐኪም ይጠሩልኛል፤ አንዷ ደግሞ ኦፕራሲዮን ሆነሽ ተገላገዪ ትላለች። ጥሩ ስፔሻሊስት በምን ይታወቃል?

ትዕግሥቷ ያለቀ፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ

ውድ እህቴ፣

በሰው ፊት እንዲያ መባልሽ እኔንም አናዶኛል። «መድኃኒቱን እስከ መቼ ነው የምወስደው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው? ንዴቱን ግን ለጊዜው እናቆየውና ከሚያሳስበው እንጀምር።

መድኃኒቱን በራስሽ ማቆምሽ አስግቶኛል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ይህን ከመጻፌ በፊት ግን የውስጥ ደዌ ሐኪም የሆነ ዘመዴን ጠይቄያለሁ። የነገርሽኝ ምልክቶች የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ሲበዛ የሚታዩ ናቸው። ሳይታከም ከቆየ ልብን ይጎዳል፣ የልብ አመታቱንም ያዛባል። ስለዚህ «ትልቁን ስፔሻሊስት እስካገኝ» ብለሽ አትቀመጪ። በዚህ ሳምንት ወደ አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም ሂጂና «ፒቲዩ እወስድ ነበር፣ አቁሜያለሁ» በዪ። ለእናንተ ሰፈር የሚቀርበው የመንግሥት ሆስፒታል አቃቂ ቃሊቲ ያለው ጥሩነሽ ቤጂንግ ነው። የተረፈውን ኪኒን ከመሳቢያ አውጥተሽ በግምት እንዳትጀምሪ። እስከዚያ ድረስ ትኩሳት ከኃይለኛ የልብ ምት፣ ከትውከት ወይም ከመቀባዠር ጋር ከመጣብሽ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው።

መድኃኒቱን ሲያስጀምሩሽ ደግሞ ያ ሰውዬ ሊነግርሽ ይገባው የነበረ ነገር አለ። ፒቲዩና መሰሎቹ አልፎ አልፎ ነጭ የደም ሴልን በአደገኛ ሁኔታ ያወርዳሉ። ኪኒኑን እየወሰድሽ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከያዘሽ፣ ጉንፋን ነው ብለሽ ዳማከሴ ጨምቀሽ አትተኚ። ኪኒኑን አቁመሽ በዚያው ቀን ደምሽን አስመርምሪ። ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንትሽ ከጠቆረም እንዲሁ ነው፤ ጉበት ሊነካ ይችላል። ማርገዝ ካሰብሽ ወይም «አርግዤ ይሆን?» ብለሽ ከጠረጠርሽ ለሐኪሙ ከሁሉ አስቀድመሽ የምትነግሪው እሱን ነው። የመድኃኒቱ ምርጫ በዚያ ይለወጣል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ።

ጎረቤቶችሽ የሚጠሩልሽን ስሞች አልንቅም። ለአንቺ ዓይነቱ በሽታ ግን ስም ብዙ አይፈይድም። ስመ ጥሩ ሐኪም ብዙውን ጊዜ ቀን የመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ ያክማል፣ ያስተምራል፤ ማታ ማታ ደግሞ ከክሊኒክ ክሊኒክ ይሮጣል። አንዱ ክሊኒክ በሳምንት ሁለት ምሽት ቢገባ ነው። እንደምንም ብለሽ አንዴ ታገኚዋለሽ። ከዚያስ? መድኃኒቱ ሲጀመር በየአራት እስከ ስድስት ሳምንቱ ደም እየታየ መጠኑ ይስተካከላል። ሕክምናው በጥቅሉ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ይዘልቃል። አየሽ፣ ጥያቄሽን እንኳ መመለስ ይቻል ነበር፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። እንግዲህ ያን ሁሉ ጊዜ የሚከታተልሽ ሰው ነው የሚያስፈልግሽ። ከዝናው በፊት ስለ ቀጠሮው ጠይቂ። በቀጠሮዬ ቀን እሱ ራሱ ይኖራል? ካልኖረ ካርዴን ማን ያየዋል? የደም ውጤቱ ሲመጣ የሚያነበው ማነው? ይህን ለማወቅ የካርድ መክፈል የለብሽም፤ ደውለሽ እንግዳ ተቀባይዋን ጠይቂ። እየተነጫነጨች ከመለሰችልሽ ያም መልስ ነው።

ቀጥሎ «ስፔሻሊስት» የሚባለውን ነገር እንለየው። እኛ ዘንድ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ «ዶክተር» ነው። ነርሱም፣ የጤና መኮንኑም፣ የላብራቶሪ ባለሙያውም። አክብሮቱ ባልከፋ፤ ግን ገንዘብሽን የምትከፍይው ለማን እንደሆነ ማወቅ አለብሽ። ሕክምና ተምሮ የተመረቀው ጠቅላላ ሐኪም ነው። ከዚያ በላይ ሦስት ዓመት ውስጥ ደዌ የተማረው የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ይባላል። ከዚያም አልፎ በሆርሞን በሽታዎች ላይ የሠለጠነው ሰብ ስፔሻሊስት ነው፤ ኢንዶክሪኖሎጂስት የሚሉት እሱን ነው። እነዚህ አገራችን ውስጥ ጥቂት ናቸው። የስኳር ሕመምተኛውም የሚያንኳኳው የእነሱን በር ነውና ወረፋው ረጅም ነው። አንቺን ያየሽ ሰው ከነዚህ የቱ እንደሆነ ከደብዳቤሽ አይታወቅም፤ አንቺም የምታውቂ አይመስለኝም። «ዶክተር፣ ስፔሻሊቲዎ ምንድን ነው?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ይቻላል። ጨዋ ሐኪም አይቆጣም። የሚቆጣ ከሆነ እሰየው፣ ገና በጠዋቱ አወቅሽ ማለት ነው።

ደግሞ የግድ ኢንዶክሪኖሎጂስት ካላገኘሁ ብለሽ አትጨነቂ። የሆርሞን መብዛትን ጠንቃቃ የሆነ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ይዞ ይከታተለዋል። ዓይን ወደ ውጭ መውጣት ሲጀምር፣ እርግዝና ሲመጣ፣ ወይም መድኃኒቱ አልሠራ ሲል ነው ወደ ላይኛው መሄድ። ያኔ የላከሽ ሐኪም ሪፈር ይጽፍልሻል። ጥቁር አንበሳም ሆነ ጳውሎስ ያለ ሪፈር ወረቀት በር ላይ ብትቆሚ የምታተርፊው ድካም ነው። የጤና መድን ደብተር ካለሽማ ጭራሽ ከጤና ጣቢያ መጀመር አለብሽ። ደረጃውን ከዘለልሽ ከኪስሽ ትከፍያለሽ።

የመንግሥት ይሻላል ወይስ የግል? እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ዓመት ሙሉ ልትከፍይበት የምትችይበት ቦታ ይሻላል። ሰው ስንት ጊዜ ነው ተበድሮ ትልቅ የግል ሆስፒታል ገብቶ፣ ምርመራውን ሁሉ ተመርምሮ፣ ለሦስተኛው ቀጠሮ ብር አጥቶ የሚቀረው? ያ ሁሉ ብር ውኃ በላው። አቅምሽ ለሁለት ቀጠሮ ብቻ የሚሆን ከሆነ ከመንግሥት ሆስፒታል ጀምሪ። ሌሊት ተነስተሽ መሰለፍ ይኖራል፤ ከቱሉ ዲምቱ ታክሲ መጋፋቱም አለ። ግን ካርድሽ አንድ ቦታ ይቀመጣል፣ ቀጠሮሽ የታወቀ ይሆናል። አንዳንድ የመንግሥት ሆስፒታሎች ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚሠራ የግል ሕክምና ክፍልም አላቸው። ሐኪሞቹ እዚያው የሚያስተምሩት ናቸው፤ ስትሄጂ መኖሩን ጠይቂ።

ማንን ልጠይቅ ካልሽ ነርሶችንና ፋርማሲስቶችን ጠይቂ። የክትትል ክፍል ነርስ የትኛው ሐኪም ሰዓቱን እንደሚያከብር፣ የትኛው በሽተኛ ላይ እንደሚጮህ ታውቃለች። «የገዛ እህትሽ ብትሆን ማን ጋ ትልኪያት ነበር?» በያት። የሰፈር ፋርማሲስት ደግሞ የስንቱን ሐኪም ወረቀት ሲያነብ ነው የሚውለው፤ ማን መድኃኒት እንደሚያበዛ እሱን የሚያህል የሚያውቅ የለም። አንድ ክሊኒክ ብቻ አጥብቆ የሚልክሽ ካጋጠመሽ ግን ጠርጥሪ፤ ኮሚሽን የሚባል ነገር አለ። ቲክቶክ ላይ እንቅርትን በሳምንት አጠፋለሁ ስለሚሉት አላወራም።

አሁን ወደ ወረቀትሽ። ከቻልሽ በዚህ ሳምንት ለሐኪም ከመታየትሽ በፊት የቀድሞው ክሊኒክ ሄደሽ ውጤቶችሽን ጠይቂ። አውቃለሁ፣ ያንን በር ማየት አያሰኝሽም። ባልሽን ወይም እህትሽን ላኪ፣ አለዚያም አብረሽ ሂጂ። ካርድ ክፍሎቹ «ጠፍቷል» ካሉ ላብራቶሪውን ጠይቁ፤ ላብራቶሪ የራሱ መዝገብ ወይም ኮምፒውተር ይኖረዋል። የሕክምና ማጠቃለያ እንዲጻፍልሽ በጽሑፍ አመልክቺ፤ የማመልከቻውን ግልባጭ አስፈርመሽ ያዢ። የሚገርምሽ ነገር ማመልከቻ ሲያዩ የጠፋ ካርድ ይገኛል።

ያገኘሽውን ሁሉ በቀን በቀን ደርድረሽ አንድ ክላሴር ውስጥ አስገቢ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። አንቺ የምታስታውሽው «ሐምሌ ላይ ነው የጀመረኝ» ብለሽ ነው፤ የላብራቶሪ ወረቀቱ ግን በአብዛኛው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚታተመው። ሐኪሙ ፊት ሁለቱ ይደባለቁና መድኃኒቱ የተጀመረው ከምርመራው በፊት ይሁን በኋላ ይጠፋል። ለዚህ በሽታ ደግሞ ያ ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። በእያንዳንዱ ወረቀት ጥግ በእርሳስ የእኛን ቀን ጻፊበት። ከላይ አንድ ገጽ አድርጊ፦ ምልክቱ መቼ ጀመረ፣ ኪሎሽ ስንት ነበር አሁንስ ስንት ነው፣ ፒቲዩ በቀን ስንት ፍሬ ትወስጂ ነበር፣ መቼ አቆምሽ፣ ከቤተሰብ እንቅርት ያለበት አለ ወይ። የኪኒኑን ባዶ ማሸጊያም አትጣይ፤ ይዘሽው ሂጂ።

ውጤቱን ስታይ ቲኤስኤች የሚል መስመር ታገኛለሽ። ዝቅ ያለ ቁጥር አይተሽ «ሆርሞኔ አንሷል» እንዳትይ፤ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ቲኤስኤች ከአንጎል ሥር ካለች ትንሽ ዕጢ ወደ እንቅርት ዕጢ የሚላክ ትዕዛዝ ነው። የእንቅርት ዕጢው ከልክ በላይ ሲያመርት ትዕዛዙ ይቀንሳል። ቲኤስኤች ዝቅ፣ ዕጢው የሚያመርታቸው ሆርሞኖች ቲ3 እና ቲ4 ከፍ ካሉ ሆርሞኑ በዝቷል ማለት ነው። መደበኛው መጠን ከላብራቶሪ ላብራቶሪ ትንሽ ይለያያል፤ ስለዚህ ከተቻለ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ተመርመሪ። ፀጉርሽ ስለሚረግፍ ደግሞ ባዮቲን የሚባለውን ቫይታሚን ገዝተሽ ይሆናል፤ ብዙ ሴቶች ይወስዱታል። ባዮቲን አንዳንድ የእንቅርት ምርመራዎችን ያሳስታል፤ ሆርሞን ያልበዛበትን ሰው የበዛበት ያስመስላል። ከምርመራው ቢያንስ ሁለት ቀን ቀደም ብለሽ አቁሚው፣ ለሐኪሙም ንገሪው።

ይሄን ሁሉ ይዘሽ ገባሽ እንበል። ሐኪሙ ሥራውን የሚያውቅ መሆኑን ከእጁ ታያለሽ። የእንቅርት ምርመራ በዓይን ብቻ አያልቅም። ከኋላሽ ቆሞ የሁለት እጁን ጣቶች አንገትሽ ላይ ያሳርፋል፣ ከዚያ ውኃ ትንሽ ጎንጨት አድርገሽ እንድትውጪ ይነግርሻል። ስትውጪ እብጠቱ ከጣቶቹ ሥር ከፍ ዝቅ ይላል፤ መጠኑን፣ ልስላሴውን፣ አንድ ጎን ብቻ ይሁን ሁለቱንም የሚለየው ያኔ ነው። እጆችሽን ዘርግተሽ ጣቶችሽን እንድትከፍቺ ያደርግሻል፤ መንቀጥቀጡን ለማየት ነው። የልብ ምትሽን ይቆጥራል፣ ዓይንሽን ያያል። ይህን ሁሉ ሳያደርግ ብዕር ካነሳ፣ ያው የቀድሞው ሰውዬ ወንድም ነው።

ሌላው ምልክት ስለ አሮጌው ውጤትሽ የሚለው ነው። ጥሩ ሐኪም ክላሴርሽን ይገልጣል። አንዳንዱን ምርመራ ማስደገም ሊያስፈልግ ይችላል፤ ሦስት ሳምንት ያለ መድኃኒት ቆይተሻልና የአሁኑን መጠን ማወቅ አለበት። ግን ለምን እንደሚደግም ይነግርሻል። «ይሄን ባልደረባዬ ቢያየው ይሻላል» የሚል ካጋጠመሽ አትቀየሚው። እኔ እንደዚያ የሚል ሐኪም ሲገጥመኝ እምነቴ ይጨምራል።

ብቻሽን አትግቢ። ጭንቅ ላይ ያለ ሰው ከተነገረው ግማሹን አይሰማም። ባልሽ ሥራ ካለበት እህትሽን ይዘሽ ግቢና እሷ ትጻፍ። ጥያቄዎችሽን ሦስት አድርገሽ ወረቀት ላይ ያዢ፤ በዚያ ወረፋ ላይ ለዐሥር ጥያቄ ጊዜ አታገኚም፣ ሐኪሙም ሰው ነው። ካመለጠሽ የምትቆጪበትን ከላይ ጻፊው።

እህትሽ ካነሳችው ዘንድ ስለ ጠበሉም ልመልስ። ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ያለሽ የለም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉን ከመድኃኒታቸው ጋር እንዲወስዱ በይፋ መምከራቸው ይታወሳል። ያን ጊዜ እንጦጦ ላይ ስንት ሰው መድኃኒቱን ጥሎ እንደነበር የምናስታውስ እናስታውሰዋለን። ጠበሉን ጠጪ፣ ተጠመቂ፤ ኪኒኑን ግን በሰዓቱ ዋጪ። ጾም ላይ ከሆንሽ ለሐኪሙ ንገሪው፤ የኪኒኑን ሰዓት አብራችሁ ታመቻቻላችሁ።

ያንን ክሊኒክ ልክሰሰው ወይ ብለሽ አልጠየቅሽኝም፤ እያሰብሽው ግን ይመስለኛል። መብትሽ ነው። የሕክምና መረጃሽን ማጥፋታቸውና በበር ክፍት ያንቺን ጉዳይ ማስሰማታቸው ቀላል ነገር አይደለም። መጀመሪያ ለክሊኒኩ ኃላፊ በጽሑፍ፣ መልስ ካጣሽ ደግሞ የክሊኒኩን ፈቃድ ለሰጠው የጤና ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አመልክቺ። የፈቃድ ወረቀታቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይገኛል፤ ማን እንደሰጠ ከዚያ ታነቢያለሽ። ግን ቅደም ተከተሉን ጠብቂ፦ መጀመሪያ ወረቀትሽን ተቀበይ፣ ሕክምናሽን ጀምሪ፣ ከዚያ ክሰሺ። ተናደሽ ከጀመርሽው ውጤቶችሽን ደግመሽ አታያቸውም።

የቀረው ኦፕራሲዮኑ ነው። ለሆርሞን መብዛት ሦስት መንገድ አለ፦ ኪኒን፣ ጨረር ያለው አዮዲን እና ቀዶ ሕክምና። ቀዶ ሕክምናው እብጠቱ ትልቅ ሆኖ መተንፈስ ወይም መዋጥ ሲከለክል፣ የሚያጠራጥር እጢ ሲኖር፣ ወይም ኪኒኑ አልስማማ ሲል ይመረጣል። ያም ቢሆን ሆርሞኑ በመድኃኒት ሳይረጋ አይሠራም፤ አደጋ አለው። ስለዚህ አሁን፣ መድኃኒት አቁመሽ ባለሽበት ሁኔታ፣ ቢላዋ ሥር ልግባ ብትዪም ደህና ሐኪም አይቀበልሽም። ጊዜው ሲደርስ ቀዶ ሐኪሙን የእንቅርት ቀዶ ሕክምና አዘውትሮ የሚሠራ መሆኑን ጠይቂው። የድምፅ ነርቭ ከዕጢው አጠገብ ያልፋል፤ ካልሲየምን የሚቆጣጠሩት ትናንሽ ዕጢዎችም እዚያው ተለጥፈው ነው ያሉት። ስለ ሁለቱም ምን እንደሚያስብ ሳትሰሚ አትፈርሚ። ዕጢው ሙሉ በሙሉ ከወጣ ደግሞ ሰውነትሽ ራሱ የማያመርተውን ሆርሞን ዕድሜ ልክሽን በየቀኑ በኪኒን ትተኪያለሽ፤ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ከቡናም ከቁርስም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለሽ።